ስካንዲኔቪያና ባልቲክ በአንድ ጣሪያ ሥር

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የስካንዲኔቪያ ጥናት ትምህርት ክፍል በ2009 መቶኛ ዓመቱን እንደደፈነ፣ የባልቲክ አገሮችንም እንደሚያስተምር አነበብሁ። ቋንቋዎቹ ካልተዛመዱ በአንድ ክፍል ያዋላቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። ዓሣን ስዊድናዊው «ፊስክ» ሲል ፊንላንዳዊውም ኢስቶኒያዊውም «ካላ» ይሉታል፤ ሊቱዌኒያዊው ደግሞ «ዡቪስ»፣ ላትቪያዊው «ዚቭስ» ይላል። ስዊድንኛ የጀርመናዊ፣ ሊቱዌንኛና ላትቪያኛ የባልቲክ ቅርንጫፎች ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ወገን ማለትም ፊንላንድኛና ኢስቶንኛ ከኡራላዊ ቤተሰብ ይመደባሉ። ስለዚህ ኢስቶንኛ በዘር የሚቀርበው ለጎረቤቱ ለላትቪያኛ ሳይሆን ባሕር ማዶ ላለው ለፊንላንድኛ ነው፤ በካርታ ብቻ ለሚፈርድ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ያዛመዳቸው ባሕሩና ታሪኩ ነው። የስዊድን መንግሥት የዛሬዋን ኢስቶኒያና የላትቪያን ከፊል ግዛት በያዘበት ዘመን ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በ1632 የታርቱን ዩኒቨርሲቲ አቋቁሟል፤ ይህም ተቋም ዛሬ የኢስቶኒያ ዋና ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ የአንዱን ወገን ታሪክ ያለ ሌላው ማስተማር፣ በእኛ ግምት፣ ግማሹን መተው ነው።

የሲያትሉ ክፍል ግን ሁለቱን ከመነሻው አላጣመረም። በ1909 ሲመሠረት ትኩረቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ላይ ነበር፤ የባልቲክ ጥናት መርሐ ግብር የተጨመረው በ1994፣ ሦስቱ አገሮች ነጻነታቸውን ካስመለሱ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የጠቀስናቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።