ኢንዛይም ጉልበት ሳይጨምር ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?

«ኢንዛይም በለውጡ ካላለቀና ጉልበትም ካልጨመረ፣ ፍጥነቱ ከየት ይመጣል?» ተብሎ የቀረበው ጥያቄ ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ነው፤ አብዛኞቹም ኢንዛይምን፣ ማለትም በሕያው አካል ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥነውን ፕሮቲን፣ ሞለኪውሎችን እንደሚገፋ ሞተር ስለሚያስቡት መልሱ ይሰወርባቸዋል።

ማንኛውም ኬሚካላዊ ለውጥ፣ በመጨረሻ ጉልበት የሚለቅ እንኳ ቢሆን፣ ለመጀመር ነባሩን ቦንድ (አተሞችን የሚያያይዘውን ትስስር) የሚያላላ ጉልበት ይፈልጋል። ይህ አክቲቬሽን ኢነርጂ ይባላል፤ ኢንዛይም የሚሠራውም ይህንኑ ዝቅ በማድረግ ነው። ሰብስትሬቱ፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚለውጠው ሞለኪውል፣ በኢንዛይሙ ላይ ወዳለው አክቲቭ ሳይት ወደሚባል ስርጉድ ስፍራ ሲገባ በዙሪያው ያሉት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲኑ መገንቢያ ክፍሎች) ለለውጡ የሚመች አቀማመጥ ያስይዙታል፤ ከሁሉም በላይ ግን ከሰብስትሬቱ ይልቅ በመለወጥ ላይ ያለውን የሽግግር ቅርጽ አጥብቀው ይደግፋሉ። ኬሚስቱ ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ያቀረበው፣ ሰብስትሬቱ በኢንዛይሙ ልክ ይገጥማል የሚለው የቁልፍና የቁልፍ ጋን ምሳሌ ለጀማሪ ቢጠቅምም፣ በእኔ አስተያየት ይህን ዋና ነጥብ ይጋርዳል፤ ሰብስትሬቱን ብቻ አጥብቆ የሚይዝ ኢንዛይም እዚያው ያስቀረዋል እንጂ አይለውጠውም።

ኢንዛይሙ አለማለቁን በዓይን ለማየት በመሞከሪያ ቱቦ ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ጥሬ የጉበት ቁራጭ መጨመር ይበቃል። በጉበቱ ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውኃና ኦክስጅን ስለሚከፋፍለው ነጭ አረፋ እየተንተከተከ ወደ ቱቦው አፍ ይወጣል። አረፋው ካቆመ በኋላ ሌላ ጉበት ቢጨመር ምንም አይታይም፤ አዲስ ፐርኦክሳይድ ሲጨመር ግን ያው የቀድሞው ጉበት እንደገና ያስነሣዋል። ያለቀው ሰብስትሬቱ ነበር ማለት ነው። (ኢንዛይም አያልቅም ሲባል በለውጡ አይነካም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ከሰብስትሬቱ ጋር ለጊዜው ቦንድ ፈጥሮ መጨረሻ ላይ ወደ ነበረበት ይመለሳል።) የተቀቀለ ጉበት ግን አረፋ አያወጣም፤ ሙቀቱ የፕሮቲኑን እጥፋት ስለሚፈታው አክቲቭ ሳይቱ ቅርጹን ያጣል። ፒኤችም (የአሲድነት መለኪያው) እንዲሁ ወሳኝ ነው፤ የጨጓራው ፔፕሲን 2 አካባቢ ሲስማማው፣ በትንሹ አንጀት የሚሠራው ትሪፕሲን 8 አካባቢን ይፈልጋል።

በጥያቄው ሥር «ኢንዛይም ምርቱን ያበዛል» የሚል አስተያየት አይቻለሁ፤ ይህ መታረም አለበት። ኢንዛይም ወደ ኢኩሊብሪየም (ወደፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ለውጥ እኩል ወደሚሆንበት ሚዛን) የሚደረስበትን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ ኢኩሊብሪየሙን ራሱን አይለውጥም፤ ወደፊት የሚሄደውንም ወደ ኋላ የሚመለሰውንም ለውጥ እኩል ያፋጥናል። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚበዛባቸው ሕብረ ሕዋሳት ዘንድ ጋዙን ወደ ባይካርቦኔት ይለውጣል፤ ጋዙ በሚወጣበት በሳንባ ደግሞ ያው ኢንዛይም ባይካርቦኔቱን መልሶ ጋዝ ያደርገዋል፤ አቅጣጫውን የሚወስነው የጋዙ መጠን ነው።