ስለ ሩሲያ የጦር መርከብና ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በምፅዋ ጊዜ ፔትያ በተባለች የሶቭየት ሥሪት ፍሪጌት (መካከለኛ የጦር መርከብ) ሞተር ክፍል ሠርቻለሁ። ትምህርቱን የተማርኩት ሌኒንግራድ ነው። ዛሬ ማታ የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከወዲሁ አንድ አደራ፦ ንድፍና አውሮፕላን አንድ አይደሉም። ኤግዚቢሽን ላይ የቆመ ሞዴል አይታችሁ «ሩሲያ ሠራች» አትበሉኝ።

ባሕረኛው፦ ጋሼ፣ የፔትያ ሞተር እንዴት ነበር የሚሠራው?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። መርከቧ ሦስት ፕሮፔለር አላት። የመሐሉን 6,000 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ያዞረዋል። የግራና የቀኙን ደግሞ እያንዳንዳቸው 15,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት የጋዝ ተርባይኖች። ለቅኝት ናፍጣው ብቻውን ይበቃል። ፍጥነት ሲፈለግ ተርባይኖቹ ይነሣሉ። ሲነሡ መጀመሪያ ፉጨት ትሰማለህ። ፉጨቱ እየቀጠነ ይሄድና በጆሮህ መሆኑ ቀርቶ በጥርስህ ይሰማሃል። የቀይ ባሕር ሙቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ተርባይን የሚኖረው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሞቅ ይሳሳል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። ለቀዝቃዛ ባሕር የታሰበ ሞተር ምፅዋ ላይ ወረቀቱ ያለውን ያህል አይሰጥህም።

ናዝሬት 27፦ ከተዋጊ አውሮፕላን የሩሲያው ሱ-57 ይሻላል ወይስ የአሜሪካው ኤፍ-35?

መልስ፦ ለምን ሥራ? እንዲህ ለተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለኝም።

የሰማይ ልጅ፦ አሜሪካ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚያርፈውን ኤፍ-35ቢን ከሶቭየቱ ያክ-141 ገልብጣ ነው የሠራችው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የኤፍ-35 ሠሪ ሎክሂድ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከያክ ሠሪው ከያኮቭሌቭ ጋር መሥራቱ እውነት ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ መረጃ አግኝቷል። ግን ወደ ታች የሚታጠፈውን የጭስ መውጫ የአሜሪካው ኮንቬየር ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነድፎት ነበር። ዋናው ልዩነት ከፊት ነው። ያክ-141 ከአብራሪው ጀርባ ሁለት ትንንሽ ማንሻ ሞተሮች ነበሩት። አየር ላይ ሲበር ሥራ የላቸውም፤ ሸክም ናቸው። ኤፍ-35ቢ ግን በዘንግ ከዋናው ሞተር ጋር የተያያዘ ትልቅ ማራገቢያ ነው ያለው። ሐሳቡ ሌላ ነው።

አቢ፦ የሩሲያው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አድሚራል ኩዝኔትሶቭ ለምን ያን ሁሉ ጥቁር ጭስ ያወጣ ነበር?

መልስ፦ ማዙት (ወፍራም ጥቁር ነዳጅ) ያቃጥል ነበር፤ ቦይለሮቹም በደንብ አልተያዙም ነበር። ቀጥል።

ባሕረኛው፦ እስቲ ስለ ሶቭየቷ አልፋ ሰርጓጅ መርከብ ይንገሩን። 41 ኖት (በሰዓት 76 ኪሎ ሜትር ገደማ) ትሄድ ነበር አይደል?

መልስ፦ አዎ። ቲታኒየም አካል፣ ሠላሳ ገደማ ሠራተኛ። ምሥጢሩ ሬአክተሩ (የኒውክሌር ኃይል ማመንጫው) ላይ ነው። የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በቀለጠ እርሳስና ቢስሙት ነው። ስለዚህ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ግን ይህ ቅልቅል ወደ 125 ዲግሪ ሲወርድ ይረጋል። ከረጋ ሬአክተሩ አለቀለት። መርከቧ ወደብ ላይ ቆማም ቢሆን መሞቅ አለባት። ከየብስ እንፋሎት የሚልከው ጣቢያ አስተማማኝ ስላልነበር፣ ወደብ ላይ ቆመውም ሬአክተሩን አያጠፉትም ነበር። ሞተሩ ሳይደክም ሰዉ ደከመ። የመጀመሪያዋ ኬ-64 በ1972 ረግቶባት ከአገልግሎት ወጣች።

ዶን ቮልጋ፦ የሩሲያ ምህንድስና ወደር የለውም!

ጥቁር ባሕር፦ ወንድሜ፣ የጦር መርከቦቹን ተርባይኖች ይሠራ የነበረው ሚኮላይቭ ያለው ፋብሪካ ነው። እሱ ደግሞ ዩክሬን ነው።

ዶን ቮልጋ፦ ያኔ ሶቭየት ነበር። አንድ አገር!

ጥቁር ባሕር፦ ዛሬስ? ኩዝኔትሶቭም ራሱ የተሠራው እዚያው ነው።

መልስ፦ ተረጋጉ። ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ፤ ለመርከቡ ግን የሚያመጣው ችግር ያው ነው። ለሩሲያ የጥቁር ባሕር መርከብ ኃይል ግሪጎሮቪች የሚባሉ ስድስት ፍሪጌቶች ታዘዙ። ሦስቱ ሞተራቸውን አገኙ። ከ2014 በኋላ ዩክሬን መላክ አቆመች፤ ሦስት መርከቦች አካላቸው ካሊኒንግራድ ውስጥ ያለ ልብ ቀረ። በኋላ ሁለቱን ሕንድ ወሰደች፤ ተርባይኑንም ራሷ ከዩክሬን ገዝታ አስገጠመች። ከሁለቱ አንዷ ቱሺል በ2024 መጨረሻ አገልግሎት ጀመረች። ሩሲያ በራሷ ተርባይን የሚሄድ የመጀመሪያውን የጎርሽኮቭ ዓይነት ፍሪጌት የተረከበችው በ2023 መጨረሻ ነው። ከ2014 ቁጠሩ።

ናዝሬት 27፦ ታዲያ ኤፍ-35ቢ ከያክ-141 አልተኮረጀም ማለት ነው?

መልስ፦ እባክህ ወንድሜ፣ ከላይ መልሼዋለሁ። ሳታነብ አትጠይቅ።

ሚሊ፦ ሳይሠሩ የቀሩ ተዋጊ አውሮፕላኖችስ? ሚግ-1.44፣ ሱ-47፣ ያክ-43?

መልስ፦ ሦስቱን አንድ ላይ አትጨፍልቂያቸው። ሚግ-1.44 በረራ ላይ ወጥቷል፤ በ2000 ሁለት ጊዜ ብቻ። ሱ-47 በ1997 ተነሣ፤ ወደ ፊት የተቀለበሰ ክንፍ ያለው። እንዲህ ያለ ክንፍ አየር ሲገፋው ወደ ላይ ይጠመዘዛል፤ በብረት ብትሠሪው ከባድ ይሆናል፤ ስለዚህ በካርቦን ሠሩት። የተገጠመለት ሞተር ግን የሚግ-31 ነበር፤ የታሰበለት አዲሱ ሞተር ስላልደረሰ። ያክ-43 ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ለቱ-160 ቦምብ ጣይ ከተሠራው ሞተር የሚወጣ ሞተር ነበር የታሰበለት። ያክ-141 በ1991 አድሚራል ጎርሽኮቭ በተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ (ከላይ ካልኩት ፍሪጌት ሌላ ነው) ሲያርፍ አደጋ ደረሰበት፤ ገንዘቡም ደረቀ፤ ያክ-43ም አብሮ ቆመ። ደግሜ እላለሁ፦ ንድፍ አውሮፕላን አይደለም።

አቢ፦ ሩሲያኖች የፍሪጌቱን ተርባይን ራሳቸው ከሠሩ በኋላ ምን ቀረ? ለምን ያን ያህል ጊዜ ወሰደ?

መልስ፦ ካምቢዮው! ማንም የማይጠይቀው እሱን ነው። ተርባይን በደቂቃ በሺዎች ይዞራል፤ ፕሮፔለር በመቶዎች። መሐላቸው የቆመው ማርሽ ነው፤ ያን ሁሉ ጉልበት የሚሸከመው በጥርሱ ነው። ትምህርት ቤት ሳለን ጥርሱን ሰማያዊ ቀለም ቀብተን በእጅ እናዞረው ነበር። ከዚያ ባትሪ አብርተን እናያለን። ቀለሙ የጥርሱን ሙሉ ወርድ እኩል ከለቀቀ ጥሩ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ጫፍ ላይ ያርፋል፤ ባሕር ላይ ይሰበራል። መምህራችን ቀለሙን አየ፤ ምንም አልተናገረም። ጨርቁን አቀብሎን «እንደገና» አለ።