«ዛሬ ማን ቀረ?» ስለ ተማሪዎች መቅረትና መፎረፍ ጥያቄና መልስ

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም 24 ዓመት አስተምሬያለሁ። 6ቱን ዓመት ዩኒት ሊደር ሆኜ ሠርቻለሁ። በየጠዋቱ ማን እንደቀረ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። ስለ ተማሪ መቅረት የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። የማውቀውን ያህል እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ ይወጣል። ለካ በዚህ ወር ብቻ 9 ቀን ቀርቷል! ምን ላድርገው? (እናት፣ ከቡሬ)

መልስ፦ አይዞዎት እናቴ። ዱላውን ለጊዜው ያስቀምጡት። መጀመሪያ ወደ ክፍል ኃላፊው መምህር ይሂዱና 9ኙን ቀን በወረቀት ያስጽፉ። ሁሌ ሰኞ ነው? የገበያ ቀን ነው? ወይስ ጠዋት ገብቶ ከእረፍት በኋላ ነው የሚጠፋው? ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ሒሳብ ባለበት ቀን ብቻ የሚቀር ልጅ የሚሸሸው ሒሳቡን ነው። ቀኑን ሙሉ የሚጠፋ ልጅ ደግሞ የሚውልበት ቤት አለ፤ ፑል ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ አሁን አሁን ደግሞ ቤቲንግ ቤት። ቤቱን ይወቁት። ግን ልጁን ከዚያ ሰው ፊት ጎትተው አያውጡት።

ማታ እራቱን ከበላ በኋላ ወረቀቱን ያሳዩትና «እስቲ ስለነዚህ ቀኖች ንገረኝ» ይበሉት። ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁት። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሲፎርፍ የከረመ። ሰሌዳው አይታየውም ነበር። መምህሩ «አንብብ» ሲለው ይደናበራል፣ ክፍሉ ይስቅበታል። ፊት ወንበር ላይ ስናስቀምጠው መፎረፉን ተወ። ቢገረፍ ኖሮ ይህን አንሰማም ነበር።

ጥያቄ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ክፍሌ ግማሹ ባዶ ነው። ምን ይሻላል? (መምህርት፣ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ በዚያ ሰሞን አጨዳና ውቂያ ነው። አባትና እናት ወንፈል ገብተዋል። ከብቱን ማን ይጠብቅ? ያው ልጁ ነው። ገበሬውን «ልጅህን አታስቀር» ብሎ መምከር ብቻውን አይሠራም። ደርሶ ያልተነሳ ጤፍ ዝናብ ቢመታው የሚጠፋው የዓመት ቀለቡ ነው።

እኔ ሲሠራ ያየሁት ቀድሞ መነጋገር ነው። ጥቅምት ላይ፣ ማጭድ ሳይነሳ፣ ወላጆችን ሰብስቡ። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ከሆነ ታላቅና ታናሽን በተለያየ ፈረቃ መድቡ፤ አንዱ ሲማር ሌላው ይጠብቃል። ጎረቤታሞች ከብታቸውን አንድ ላይ አድርገው በተራ ቢያስጠብቁ አምስት ልጅ ይቀር የነበረው አንድ ብቻ ይቀራል። ፈተናና አዲስ ምዕራፍ በአጨዳው ሳምንት አታድርጊ።

ስለ በዓላትም አንድ ነገር ላንሳ። በወር በ12፣ በ21፣ በ27 ልጆች ይቀራሉ እየተባለ ይወቀሳል። እኔ ግን ተቃራኒውን አይቻለሁ። በበዓል ቀን ሞፈር አይነሳም፣ ማጭድ አይያዝም። ልጁ ከሥራ ነፃ ነው። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ «ክልክሉ እርሻ ነው፣ ትምህርት አይደለም» ብለው አንድ ቃል ሲናገሩ ክፍሉ ይሞላል። ከባዱን ትምህርት ለዚያ ቀን አድርጊው።

ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱትን ልጆች ደግሞ ሰኔ ላይ ስማቸውን ያዢ። ኅዳር ላይ ሲመለሱ ወንበራቸው ይጠብቃቸው። «ተሰርዘሃል» የተባለ ልጅ በቀጣዩ ዓመትም አይመጣም።

ጥያቄ፦ የቀረውን «ወላጅ አምጣ» እንላለን። ያረፈደውን በር እንዘጋበታለን። መቅረቱ ግን ጭራሽ ባሰ። (ርዕሰ መምህር)

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። እኔም ዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ቀረ። በማግስቱ «ወላጅ ካላመጣህ አትገባም» አልኩት። የእግር መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። አባቱ ሞቷል። እናቱ አውድማ ላይ ናት። ልጁ ይህን አልነገረኝም፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ወር ካለፈው በኋላ ገበያ ላይ የሰው በግ ሲነዳ አገኘሁት። ተቀጥሯል። ሰላም ብሎኝ አለፈ። ያ ልጅ አንድ ቀን ነው የቀረው። የቀረውን ዓመት ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ለመቅረት ቅጣቱ ማስቀረት ሊሆን አይገባም። ያረፈደው ይግባ፤ ምክንያቱን በእረፍት ይጠየቅ። ልጁ በቀረ በሁለተኛው ቀን ሰው ይጠይቀው፤ በአምስተኛው አይደለም። ስልክ ካለ ይደወል። ከሌለ በዚያው ጎጥ የሚኖር ተማሪ ይላክ፤ «ምን ሆነህ ነው? ተጨንቀናል» ይበለው። ወላጅ የግድ ካስፈለገ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ቤት ድረስ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ በየወሩ ሦስት አራት ቀን ትቀራለች። እናቴ «ሰነፍ» ትላታለች። (ከደጀን)

መልስ፦ የወር አበባዋ ሊሆን ይችላልና ብቻዋን አድርገሽ ጠይቂያት። ሞዴስ ከሌላት፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ውኃና የሚቆለፍ መጸዳጃ ከሌለ፣ ቤት መዋሏ ስንፍና አይደለም። ለሴት መምህር ንገሪ። አንድ ክፍል፣ አንድ ባልዲ ውኃና ጥቂት ሞዴስ ብዙ ልጆችን ሲያስቀጥል አይቻለሁ።

ከጥምቀት በኋላ የምትጠፋ ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ጥር የሠርግ ወር ነው። በዚያው ሳምንት ቤቷ መሄድ ያስፈልጋል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። ሽማግሌ ሲላክ ካልሰማችሁ፣ ድግሱ ሲጠነሰስ ስሙ።

ጥያቄ፦ ልጄ «ሆዴን» እያለ ይቀራል። ማታለል ነው?

መልስ፦ ያስመርምሩት። በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ የተደረገና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሆድ ትል መድኃኒት በተሰጠባቸው ትምህርት ቤቶች መቅረት በሩብ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ቆላ ከሆናችሁ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባውን አይርሱ።

ጥያቄ፦ 12ኛ ጨርሶ የሚያልፍ የለም። ልጄን ለምን ልላከው? (አባት፣ ከቢቸና)

መልስ፦ አባቴ፣ አልዋሽዎትም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ያሳዝናል። ግን ይህን ያስቡልኝ። በወር 2 ቀን መቅረት ትንሽ ይመስላል። በ10 ወር 20 ቀን ነው። በ8 ዓመት 160 ቀን ይሆናል፤ ያ አንድ የትምህርት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ልጁ ፈተናው ላይ የሚቀመጠው ይህን ያህል ጎድሎበት ነው። ባያልፍ እንኳ የብድር ውሉን አንብቦ ይፈርማል፤ የማዳበሪያውን ደረሰኝ ሌላ ሰው አያነብለትም።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ከረመ። አሁን ልጆቹን «ፎራፊ» ይሏቸዋል።

መልስ፦ እንዲህ ሲባል ልቤ ይደማል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። እነዚህ ልጆች አልፎረፉም፤ የሚገቡበት በር አጡ እንጂ። ሲመለሱ የት እንዳቆሙ ተጠይቀው ከዚያ ይጀምሩ። 14 ዓመት የሞላውን ልጅ ከ10 ዓመት ልጆች ጋር አስቀምጦ ማሳፈር ዳግም ያባርረዋል። ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው ማካካሻ ይሰጣቸው።

ጥያቄ፦ ሞጣ ቤት ተከራይቼ 9ኛ እማራለሁ። ዓርብ ስንቅ ላመጣ አገር ቤት እሄዳለሁ። ሰኞ ሁሌ አረፍዳለሁ። አሁን ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀርቻለሁ። ብመለስ ይቀበሉኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሰኞ ግባ። መጀመሪያ ለክፍል ኃላፊህ የስንቁን ነገር እንዳለ ንገረው፤ አትደብቀው። ከዚያ ከአገርህ የመጡ ሁለት ሦስት ልጆች ፈልግና ስንቁን በተራ አምጡ። አንድ ሳምንት አንተ፣ አንድ ሳምንት እሱ። ደብተር ከጎበዝ ልጅ ተዋስና ከመጨረሻው ትምህርት ወደ ኋላ ገልብጥ፤ ከመጀመሪያው ከጀመርክ የዛሬው ያመልጥሃል። በር ላይ ከመለሱህ ደግሞ እንደገና ጻፍልኝ፤ ርዕሰ መምህሩን እኔ ራሴ አነጋግራቸዋለሁ።