መልስ፦ ጃፓኖች ነባሩን ሐዲድ ትተው አዲስ ለምን ዘረጉ?

ጠያቂያችን ጃፓኖች ለፈጣኑ ባቡራቸው ለሺንካንሰን አዲስ ሐዲድ መዘርጋታቸውን አንሥተው «ነባሩን ማደስ አይረክስም ነበር ወይ?» ብለዋል። ቁልፉ ያለው የሐዲዱ ስፋት ላይ ነው። የጃፓን ነባር ሐዲድ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር (የእኛ የድሮው የጅቡቲ መስመርም 1 ሜትር ነበር፤ ዘመዳሞች ናቸው)። በጠባብ፣ በጠመዝማዛና መኪና በሚያቋርጠው ሐዲድ ላይ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር መክነፍ ሞትን መጥራት ነው። ስለዚህ የባቡር ድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሺንጂ ሶጎና መሐንዲሱ ሂዴኦ ሺማ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ምንም መንገድ የማያቋርጠው አዲስ መስመር አዘረጉ። የዓለም ባንክም 80 ሚሊዮን ዶላር አበደራቸው።

ወጪው ግን ከታቀደው ወደ እጥፍ ገደማ ናረና ሁለቱም በ1963 እ.ኤ.አ. ከሥልጣን ወረዱ። በተከታዩ ዓመት ኦክቶበር 1 ባቡሩ ሲመረቅ የደከሙበት ሰዎች በቦታው አልነበሩም፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ከቶኪዮ ኦሳካ ስድስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ጉዞ መጀመሪያ ወደ አራት፣ በዓመቱ ደግሞ ወደ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ወረደ።

ፈረንሳዮች እርስዎ ወዳሉት ይቀርባሉ። ነባር ሐዲዳቸው ቀድሞውኑ ሰፊ ስለነበር፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ፓሪስን ከሊዮን ያገናኘው ፈጣን ባቡር ከተማ ውስጥ የሚገባው በአሮጌው ሐዲድ ነው።