የጎመን፣ የቆስጣና የፎሶሊያ ጥያቄ ያላችሁ ዛሬ ጠይቁኝ

ሰላም ቤተሰብ። ሽሮውም እንጀራውም እያለ አጠገቡ አረንጓዴ ነገር የሌለበት ማዕድ በዝቷል፤ ለምን ስል ሁሉም «ጎመን ጊዜ ይፈጃል» ይለኛል። አይፈጅም። አትክልት ማብሰል ሥራዬ ነው፣ ቤቴም ከጎመን ውጪ አይውልም፣ ስለዚህ ያላችሁን ጥያቄ አምጡት። አስቀድሜ የማምንበትን ልናገር፦ ጎመናችንን የሚያበላሸው ብዙ ውሃና ብዙ ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ቤት የምገባው ማታ 1 ሰዓት ነው። በ15 ደቂቃ የሚደርስ ነገር ንገሪኝ።

ቆስጣ ግዢ የኔ ቆንጆ። ለ3 ሰው 2 ትልልቅ እስር ያስፈልግሻል፣ እሳት ሲነካው ኩምሽሽ ስለሚል ጥሬው በዛ ብለሽ አትፍሪ። ነጩን ግንድ ከቅጠሉ ለይተሽ አድቅቀሽ ክተፊው፤ ቅጠሉን ደራርበሽ ጠቅልይና በቀጭኑ ቁረጪ። ሰፊ ድስት ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጊና አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት እስኪለሰልስ ብቻ አቁላዪ፣ መቅላት የለበትም። ከዚያ 3 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል፣ ሽታው ሲመጣ ግንዱን ጨምረሽ 2 ደቂቃ፣ በመጨረሻ ቅጠሉን በእፍኝ በእፍኝ እየጨመርሽ 4 ደቂቃ ያህል አገላብጪ። ውሃ ጠብ አታድርጊ! ከታጠበ በኋላ ቅጠሉ ላይ የቀረው እርጥበት ይበቃዋል። ጨው ቅጠሉ ከሟሸሸ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ካደረግሽ ገና ብዙ ስለሚመስልሽ ጨው ይበዛብሻል። እሳቱን አጥፍተሽ ቃሪያ ሰንጥቀሽ ጣል አድርጊበት።

ጥያቄ፦ እናቴ ጎመን ቀቅላ፣ ውሃውን ደፍታ፣ ጨምቃ ነው የምትሠራው። አንቺ ውሃ አታድርጉ ትያለሽ። ማንን ልስማ?

እናትሽ ያለ ምክንያት አላደረገችውም። የሐበሻ ጎመን ቅጠሉ ካረጀ ወይም ዝናብ አጥሮት ካደገ ይጠነክራል፣ ይመራልም፤ ምሬቱ የሚወጣው በቅቅሉ ውሃ ነው። ግን ከምሬቱ ጋር ቫይታሚን ሲና ፎሌት የሚባለው የቢ ቫይታሚንም ውሃው ውስጥ ይቀራሉ፣ አብረው ይደፋሉ። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ፦ ጥሬውን ቅጠል ትንሽ ቆርጬ እቀምሳለሁ። ለጋ ከሆነ አልቀቅልም፤ በቀጭኑ ከትፌ ሽንኩርቱ ላይ ጨምሬ፣ ግማሽ ስኒ የፈላ ውሃ አድርጌ፣ መጠነኛ እሳት ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ካረጀና ከመረረ የፈላ ውሃ ውስጥ 3 ወይም 4 ደቂቃ ነክሬ፣ አጥልዬና ጨምቄ ነው ወደ ድስቱ የምመልሰው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሚንተከተክበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ጥያቄ፦ ሆቴል ስበላ አረንጓዴ ነው፣ እኔ ስሠራው ግን ይጠቁራል። ሶዳ ጨምሪ አሉኝ፣ እውነት ነው?

ሶዳውን ተዪው። ቀለሙን ይጠብቃል፣ እውነት ነው፣ ግን ቅጠሉን ያላሽቀዋል፣ ቫይታሚን ሲውንም ይፈጀዋል። የሚጠቁረው ለምን መሰለሽ፣ ቅጠሉ የራሱ አሲድ አለው። ሲሞቅ አሲዱ ይወጣና አረንጓዴውን ቀለም የሚሰጠውን ክሎሮፊል ይነካዋል፣ ውስጡ ያለው ማግኒዚየም ይለቅና ቀለሙ ወደ ወይራ፣ ማለትም ወደ ቡናማ አረንጓዴ ይሄዳል። ድስቱን ግጥም አድርገሽ ስትከድኚው የአሲዱ እንፋሎት ተመልሶ እዚያው ይንጠባጠባል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ሳትከድኚ አብስዪ፣ ቶሎ አውርጂ፣ ሎሚ ከፈለግሽ ደግሞ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ጨመቅ አድርጊበት። ሎሚ ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ሰውነት ከቅጠሉ ብረት እንዲያገኝም ያግዛል።

ጥያቄ፦ ደጋግሜ አጥቤው ሁሉ አፈሩ ይንቀጫቀጫል።

አጥበሽ ውሃውን ከነቅጠሉ ወንፊት ላይ እየገለበጥሽ ነው መሰለኝ? ታች የዘቀጠው አፈር ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈሳል። ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ በእጅሽ አመሰቃቅዪው፣ ትንሽ ቆይተሽ ቅጠሉን በእጅሽ ከላይ አንሺውና ውሃውን ድፊ። የሳፋው ወለል እስኪጠራ ድገሚው። ሳትከትፊ ነው የሚታጠበው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ስለ አቃቂ ወንዝ ጎመን ለጠየቃችሁኝ፦ በዚያ በተበከለ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች (እንደ እርሳስ ያሉ መርዛማ ብረቶች) መገኘታቸውን ጥናቶች በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ጀርሙን እሳት ይገድለዋል፤ በሥር በኩል የገባውን ከባድ ብረት ግን ማጠብም መቀቀልም አያወጣውም። ከየት እንደመጣ ሻጯን ጠይቁ፤ ቦታ ያላችሁ ደግሞ ጓሯችሁ ውስጥ ትከሉ። ጎመን በጆንያና በባልዲም ይበቅላል፣ የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ወራት ትበላላችሁ።

ጥያቄ፦ ውጭ ላለን ሰዎች ምን እንግዛ?

አሜሪካ ያላችሁ ኮላርድ ግሪን፣ ለሐበሻ ጎመን የቅርብ ዘመዱ እሱ ነው። ወፍራም ስለሆነ መሃሉን ጅማት አውጡና እንደ ክር አድርጋችሁ ክተፉት፣ በቀጭኑ ከተከተፈ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ለቆስጣ ጀርመንና እስራኤል ያላችሁ ማንጎልድ ብላችሁ ጠይቁ፣ አረብ አገር ሲልቅ ነው። በረዶ የሆነ ስፒናችም ይሆናል፤ ግን አቅልጣችሁ ውሃውን እስከ መጨረሻው ጭመቁት፣ አለበለዚያ ሾርባ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ ጾም ሲፈታ በቅቤ ልሠራው ነው። ቅቤው መቼ ይገባል?

መጨረሻ ላይ! ንጥር ቅቤ ከሽንኩርቱ ጋር ብዙ ከተቁላላ መዓዛው ይጠፋል። ሽንኩርቱን በትንሽ ዘይት አብስዪና ቅቤውን ልታወርጂ ስትይ ጨምሪ።

ካነሳሽው አይቀር ግን የጉራጌን ጎመን ክትፎ ሞክሪ፣ እኔ ከአረንጓዴ ምግብ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ጎመኑ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፤ እዚህ ላይ መጨመቅ ግዴታ ነው፣ ጠብታ ውሃ ከቀረ ቅቤውን አይቀበልም። ከዚያ በቢላ እስኪልም ይከተፋል። በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ቅቤ ለብ አድርገሽ፣ ሚጥሚጣና ጨው በትንሹ፣ በእንጨት ማንኪያ ማዋሃድ ብቻ ነው። አይብ ከጎኑ፣ ቆጮ ካገኘሽ በቆጮ። የቀቀልሽው ጎመን ፍሪጅ ውስጥ ካለ 10 ደቂቃ አይፈጅብሽም።

ጥያቄ፦ ልጄ አረንጓዴ ነገር አያስጠጋም።

በፎሶሊያ ጀምሪለት። ጫፍና ጫፉን ቀንጥሰሽ በሰያፍ ቁረጪ፣ ካሮቱን በቀጭኑ፣ ሽንኩርት ላይ ካሮቱ ይቅደም፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ፎሶሊያው ይግባ፣ ትንሽ ውሃ፣ 8 ደቂቃ። ጥርስ ላይ ቀጭ ማለት አለበት። ካሮቱ ስለሚያጣፍጠው ይበሉታል፣ ቃሪያውን ለራስሽ ሳህን አስቀሪው።

ጥያቄ፦ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ። ጎመን እርም ነው ወይ ልጄ?

እርም አይደለም እማማ። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሱታል፤ የሚጎዳው አንድ ሳምንት በብዛት በልቶ በሚቀጥለው ጭራሽ መተው ነው። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እኩል ይሁን፣ የሚበሉትንም ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ በራስዎ አይለውጡ። የኩላሊት ጠጠር ያለባችሁ ደግሞ ቆስጣና ስፒናች ጠጠር የሚሠራው ኦክሳሌት የሚባል ነገር ብዙ አላቸው፣ ጎመን ይሻላችኋል።

ጥያቄ፦ እሁድ ገዝቼ ሳምንቱን ሙሉ ብጠቀምስ?

ሳይታጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ይግባ፣ 4 ወይም 5 ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ አጥበሽ የፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ጭመቂና ለአንድ ጊዜ የሚበቃሽን እየለየሽ ፍሪዘር ውስጥ። ይሄን ያደረገች ሴት ማታ ሽንኩርት ማቁላላት ብቻ ነው የሚቀራት።

ጥያቄ፦ ጎመን በሥጋስ?

እሱ የፈጣን ነገር አይደለም፣ ሥጋው ብቻውን ሰዓት ይፈልጋል። ሌላ ቀን እንይዘዋለን።

ጥያቄ፦ ላጤ ነኝ፣ ያለኝ አንድ መጥበሻ ነው፣ ሽንኩርት መላጥም ይሰለቸኛል።

ወንድሜ፣ ሽንኩርቱ ይቅር። ዘይት፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በቢላው ጎን ጨፍልቀህ፣ አንድ እስር ቆስጣ፣ ጨው። እንቁላል ከፈለግህ መሃሉን ገለል አድርገህ 2 እንቁላል ስበርበት፣ ዳቦ ካለህ ራትህ ነው።