ልጁ መጠበቅ ያቃተው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው፤ ታይዋን ገበያ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። ጭንቅላቱ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ላይ አይረጋም። ደብተር ይረሳል፤ በሳምንት ሁለት ሦስቴ በባጃጅ የማደርስለት እኔ ነኝ። ማታ ቦርሳውን የማዘጋጅለትም እኔው ነኝ፣ ካልሆነ ባዶውን ይሄዳል። የሳምንት የኪስ ብሩን ሰኞ ይጨርሳል። የጠየቀውን ወዲያው ካላገኘ ቤቱን ይገለብጠዋል። ታላቅ እህቱ እንዲህ አልነበረችም። አባቱ ከሰዓት በርጫ ላይ ሲሆን አቅፎ ‹ይህን እገዛልሃለሁ፣ እዚያ እወስድሃለሁ› ይለዋል፤ ማታ ደግሞ ድምፁን መስማት አይፈልግም። እኔ ጠንካራ ነኝ፤ ኳስ አትወጣም እለዋለሁ፣ ግን ሱቅ ስለምውል ይወጣል። ቴሌቪዥን እከለክለዋለሁ፣ ግን እንግዳ ሲመጣ ዝም እንዲል እከፍትለታለሁ። አምና እስከ አሥረኛ ከወጣህ ሳይክል ይገዛልሃል ብለነው ስምንተኛ ወጣ። ያኔ የቤት ኪራይ ጨመረብንና አልሆነም። ለበዓል ዘመድ የሰጠውንም ብር ‹አስቀምጥልሃለሁ› ብዬ ለኪራዩ አዋልኩት። ልጅ ስለሆነ ረስቶታል፣ አሁን አይጠይቅም። የሚገርመኝ ሐረር እናቴ ዘንድ ሲከርም ጨዋ ሆኖ ይመለሳል። እሷ ቅዳሜ ፈጢራ ትገዛለታለች፤ ሳምንቱን ሙሉ ይጠብቃል። ስለምታሞላቅቀው ይመስለኛል። አስተማሪው ‹ይቁነጠነጣል፣ አስመርምሩት› ብሎናል። ትኩረት የማጣት በሽታ ይሆን? ራሱን እንዲገዛ እንዴት ላስተምረው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ከደብተሩና ከቦርሳው በላይ ያሳሰበኝ «ረስቶታል፣ አሁን አይጠይቅም» ያልሽው ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳይክል አይረሳም። ስምንተኛ ለመውጣት ደግሞ ወራት ወስዶበታል፤ አንድ ነገር ላይ አይረጋም የምትይው ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቆ፣ ሠርቶ፣ የተባለውን አሟልቷል። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ያቆመው ተስፋ ስለቆረጠ ይመስለኛል። ቤት ሲገለብጥ ቢያንስ ይሰጡኛል ብሎ ያስባል። ዝም ሲል ግን ይህንንም ትቷል።

የጠየቅሽኝ ራስን መግዛት እንዴት እንደሚማር ነው። አብዛኞቻችን ራስን መግዛት ልጁ ውስጥ ያለ ጥንካሬ ይመስለናል፤ አንዱ ይዞት ይወለዳል፣ ሌላው ይጎድለዋል እንላለን። ለዚህ አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዋልተር ሚሼል የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካ ስታንፎርድ ውስጥ ያደረገው ፈተና ነው። ሕፃኑ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል። አሁን ከበላው ያው አንዱ ብቻ ነው፤ ትልቁ ሰው እስኪመለስ ከታገሠ ሁለት ይሆንለታል። የታገሡት ሕፃናት ሲያድጉ በትምህርታቸው የተሻሉ መሆናቸው ስለተወራ፣ ፈተናው የልጅን ጽናት የሚለካ ተደርጎ ተቆጠረ።

በኋላ ግን ሌላ ሙከራ መጣ። እኔ ወላጆች ሁሉ ቢያውቁት የምመኘው ይህኛውን ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሴለስት ኪድ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ነው። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆኑ 28 ሕፃናት መጀመሪያ ሥዕል እንዲሠሩ ያረጀ ከለር ተሰጣቸውና «ከጠበቃችሁ የተሻለ እናመጣለን» ተባሉ። ለግማሾቹ የተባለው መጣ። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ ለካ የለንም» ተባለ። በስቲከርም ይኸው ተደገመ። ከዚያ የጣፋጩ ፈተና ቀረበላቸው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ከ14ቱ ዘጠኙ እስከ መጨረሻው 15 ደቂቃ ጠበቁ። ቃል የታጠፈባቸው ግን በአማካይ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው የቆዩት፤ እስከ መጨረሻው የጠበቀው አንድ ብቻ ነበር። የሕፃናቱ ተፈጥሮ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አልተለወጠም። ፊታቸው ያለው ሰው ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ግን ተምረዋል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሰፊ ጥናትም የመጀመሪያው ፈተና ስለ ልጆች የወደፊት ዕጣ ይናገራል የተባለው፣ የቤተሰቡ ኑሮና ሁኔታ ሲታሰብበት በጣም እንደሚያንስ አሳይቷል።

አሁን ወደ ቤትሽ ልመለስ። ልጅሽ የኪስ ብሩን ሰኞ ይጨርሳል። «አስቀምጥልሃለሁ» የተባለው ብር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያለውን በእጁ እያለ ማጥፋቱ ካለፈው የተማረው ነው። የጠየቀውን አሁኑኑ ይፈልጋል። «ነገ» የተባለው ምን ያህል ጊዜ እንደመጣለት ራስሽን ጠይቂ። አንቺ ጠንካራ ነኝ ትያለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ክልከላዎችሽ ሁሉ «ግን» ላይ ያበቃሉ። ኳስ አትወጣም ተብሎ ይወጣል፤ ቴሌቪዥን ተከልክሎ ይከፈታል። ለልጁ ያልተፈጸመ ቅጣትና ያልተፈጸመ ስጦታ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በዚህ ቤት የተባለው እንደማይሆን ያስተምሩታል።

ሐረር ያለችው እናትሽ አሞላቅቃው አይመስለኝም። የምትሰጠው ፈጢራ ነው፤ ከሳይክል ጋር አይወዳደርም። ግን ቅዳሜ ካለች ቅዳሜ ነው። ልጅሽ ሰባት ቀን መጠበቅ እንደሚችል ራስሽ ነው የጻፍሽልኝ። ችሎታው አለው፤ የሚጠቀምበት መድረሱን ሲያምን ነው።

ኪራይ ሲጨምር ከሳይክል በፊት ጣሪያ ይቀድማል። ውሳኔሽን አልወቅስም፤ ሱቅ እየዋልሽ ቤት የምትይዢ ሰው መሆንሽም ይገባኛል። የጎደለው ነገሩ ለልጁ አለመነገሩ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያ ንግግር ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ እንዲህ በይው፦ «አምና ሳይክል እንገዛልሃለን አልን፣ አንተ የተባልከውን አደረግህ፣ እኛ አላደረግንም። ብርህንም ለኪራይ ተጠቀምኩበት። ያጠፋኸው ነገር የለም።» እዚያ ላይ አቁሚ። ብዙ እናቶች እዚህ ጋ በጸጸት «ለሚመጣው በዓል ግን በእርግጠኝነት» ይሉና አዲስ ዕዳ ይገባሉ። ገንዘቡ በእጅሽ ሳይኖር ቀን አትጥቀሺ። የበዓሉን ብር ግን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አድርገሽ መመለስ ትችያለሽ። አንድ ቆርቆሮ ይሰጠው፣ ቆርቆሮው እሱ ዘንድ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው። የኪስ ብሩንም ግማሹን ሰኞ ግማሹን ሐሙስ ስጪው፤ ለዚህ ልጅ ሳምንት ገና ረጅም ነው።

ለሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ያህል ትልቅ ቃል የሚባል ነገር በቤታችሁ ባይነገር እመርጣለሁ። በዚያው ቀን ልትፈጽሚው የምትችዪውን ብቻ ቃል ግቢ፦ «ከእራት በኋላ አንድ ዙር ገበጣ እንጫወታለን» እና ከእራት በኋላ አንድ ዙር። ገበጣ በነገራችን ላይ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ ተራ መጠበቅ፣ ጠጠር ቆጥሮ በአእምሮ መያዝ፣ ከመንቀሳቀስ በፊት ማሰብ፣ ሦስቱም አሉበት። የማትሰጪውን ነገር «እናያለን» ከማለት «አይሆንም» በይው። ያልሽው ሊቀር ከሆነ ሳይጠይቅሽ ቀድመሽ ንገሪውና ሌላ ቀን ስጪው።

አባቱን በተመለከተ፣ ጫት ስለመቃምና ስላለመቃም ዛሬ አልከራከርም። በምርቃና ሰዓት የሚነገረው ከልብ ነው፤ ሰውየው በዚያ ሰዓት እውነትም ልጁን ሊወስደው፣ ሊገዛለት ይፈልጋል። ማታ ድካሙና ብስጭቱ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ የለም። ልጁ የሚያየው አንድ አባት ከሰዓትና ማታ ሁለት ሰው ሲሆን ነው። በርጫ ላይም ማታም አታንሺበት፤ ጠዋት ከቁርስ በፊት ንገሪው። ማቀፉንና መጫወቱን ይቀጥል፣ «እገዛልሃለሁ» የሚለውን ብቻ ይተው ብለሽ ለምኚው። ላይሳካልሽ ይችላል። ያኔ ቢያንስ ያንቺ ቃል ከአባቱ ቃል ተለይቶ የሚታመን ይሁን።

ቦርሳውና ደብተሩ ሌላ ጉዳይ ናቸው። እዚህ የተቸገርሽው ከልክ በላይ ስለምታግዢው ነው። ነገር ማሰናዳት፣ ትኩረት መያዝና ስሜትን መግታት ከግንባር ጀርባ ባለው የአንጎል ክፍል የሚመሩ ችሎታዎች ናቸው፤ ይህ ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይሄዳል። በዘጠኝ ዓመቱ ብቻውን ይወጣው ማለት አይቻልም። ታዝሎ የሚውል ልጅ መራመድ እንደማይለምድ ሁሉ፣ ቦርሳው በእናቱ የሚሞላም ማሰናዳት አይለምድም። በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፤ የነገ ደብተሮች፣ እርሳስና ላጲስ፣ ምሳ ዕቃ፣ የውሃ ኮዳ፣ ከዚህ አይብለጥ። ሥዕሉን እሱ ይሳለው። ሰዓቱ ማታ ከእራት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ሰርቪሱ ጥሩምባ ሲነፋ ትዕግሥትሽ ያልቅና ነጥቀሽ አንቺ ትሞዪዋለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት አብራችሁ አድርጉ፣ እጁ ግን የእሱ ይሁን። በሁለተኛው «ምን ቀረ?» ብቻ በይው። በሦስተኛው ከሩቅ ተቀመጪ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ መበላሸቱን የማይሠራ ዘዴ ነው ብለሽ አትተርጉሚው። ለአስተማሪው ቀድመሽ ንገሪና ደብተር በባጃጅ ማድረሱን አቁሚ።

ትእዛዝ ስትሰጪም አንድ በአንድ ይሁን። «ጫማህን አውልቅ፣ ታጠብ፣ ዩኒፎርምህን ስቀል፣ ደብተርህን አምጣ» ሲባል የመጨረሻውን ይዞ ሦስቱን ይጥላል፤ እምቢተኝነት ይመስልሻል እንጂ በአእምሮ መያዝ አቅቶት ነው። ቀርበሽ፣ ዓይኑን አይተሽ አንዱን ንገሪው፣ ይድገመው። የቤት ሥራን ስምንት ሰዓት ላይ በድሬ ሙቀት ማስያዝ አይሆንም፤ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ስልክ በሌለበት፣ 15 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ እረፍት። ይህን እንደ ልጁ ልታስተካክዪው ትችያለሽ። ታላቅ እህቱን ግን ከንግግሩ አውጫት፤ ከእሷ ጋር አታወዳድሪው።

በሽታ ይሆን ላልሽው፣ በደብዳቤ አልመልስም፤ በደብዳቤ የሚመልስልሽ ባለሙያ ካለም ቃሉን አትቀበዪ። ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቁነጥነጥ ችግር አለ የሚባለው ምልክቶቹ ቢያንስ ስድስት ወር ሲቆዩ፣ ከ12 ዓመት በፊት ሲጀምሩና ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም ሲታዩ ነው። አስተማሪው ስለተናገረ ጉዳዩን በቀላሉ አልተወውም። ሐረር መረጋጋቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ችግሩ ያለባቸው ልጆችም አንድ ትልቅ ሰው ሲከታተላቸውና የቤት ሥራ ሳይኖር ሊረጋጉ ይችላሉ። ቢሆንም ባይሆንም ከላይ ያልኩሽ አይጎዳውም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ከሆነም ሐኪሙ ይወስን፤ የሚጠቅማቸው ልጆች አሉ።

ቀድመሽ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ፣ የደም ማነስም ይታይለት። እንቅልፉንም ቁጠሪ፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። የድሬ ማታ ስለሚቀዘቅዝ ልጆች ደጅ ያመሻሉ፤ አምስት ሰዓት ተኝቶ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ የሚነሳ ልጅ ያገኘው ሰባት ሰዓት ብቻ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ የሚቁነጠነጥ ልጅ ይመስላል።

ከዚያ ፊት ለፊት የሚያይ ባለሙያ ፈልጉ፤ እዚያው ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና የአእምሮ ጤና ክፍል መጠየቅ ትችላላችሁ። ቢቻል አባቱም አብሮ ይምጣ። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል በአንድ ደብተር ላይ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ መቼ እንደተበሳጨ፣ ከመበሳጨቱ በፊት ምን ተብሎት እንደነበር መዝግቢ። አስተማሪውም በክፍል የሚያየውን በአጭሩ ይጻፍልሽ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።