ሲኒማ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፤ በቤት ምን እንይ?

ኮሮና ቫይረስ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸና ሲኒማ ቤቶችም በራቸውን ከዘጉ በኋላ፣ በዚያ ወቅት ለዚህ ዓምድ ይደርሱን የነበሩት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፊልም የሚጠይቁ ነበሩ። ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲኒማ ቤት መግባት የቆየ ልማዳችን ነበር። አሁን ከዘጠኝና ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆቻችን ጋር ቤት ውለናል። እናቴም አብረውን ናቸው፤ እሳቸው ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አይሰሙም፣ የግርጌ ጽሑፍም አያነቡም። ሁላችንም ተሰብስበን የምናየው ፊልም ይኖር ይሆን? ያለን የሞባይል ዳታ ብቻ መሆኑን ይወቁልን። (ከገርጂ)

መልስ፦ ፊልም ከመምረጥዎ በፊት ሶፋው ላይ እነማን እንደሚቀመጡ ማሰብዎ ተገቢ ነው፤ በእርስዎ ቤት ዳኛዋ እናትዎ ናቸው። ስለዚህ በያሬድ ዘለቀ ‹ላምብ› ይጀምሩ። ስሙን በጆሮው ብቻ የሰማ ሰው ስለ ላም የተሠራ ሊመስለው ይችላል፤ ቃሉ ግን እንግሊዝኛ ነው፣ ታሪኩም የአንድ ልጅና የአንዲት በግ ነው፣ ንግግሩም አማርኛ ነው። ኤፍሬም የተባለው ልጅ እናቱ ከሞተች በኋላ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ሩቅ አገር ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ አጎትየው ደግሞ ቹኒ የምትባለውን በጉን ለመጪው በዓል ሊያርዳት አስቧል። ልጁ እጁ ለወጥ የተፈጠረ ነው፤ ወንድ ልጅ ማድቤት መግባቱ አጎትየውን ያስቆጣዋል። እሱ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ እያወጣ፣ ሳንቲም በሳንቲም ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። እዚያ ላይ እናትዎ ‹እኔን ልጄን!› ማለታቸው አይቀርም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሲሆን፣ ርዝመቱም 94 ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ልጆቹን አያሰለችም።

ለሁለተኛው ቅዳሜ፣ ኔትፍሊክስ የሚከፍልልዎ ዘመድ ውጭ አገር ካለ፣ ‹ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ› የተባለውን የ2019 ፊልም ይፈልጉ። በማላዊ ረሃብ በገባበት ዘመን የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ የተባረረ ልጅ፣ ከቤተ መጻሕፍት ባገኘው መጽሐፍ ተመርቶ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሲሠራ የሚያሳይ እውነተኛ ታሪክ ነው። ለዚህ ሥራ የቤተሰቡ አንድ ለእናቱ የሆነ ብስክሌት መፈታት ስላለበት፣ አባትና ልጅ የሚፋጠጡበት ትዕይንት ትርጉም ሳያስፈልገው ይገባል፤ የቀረውን የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅዎ ለአያቱ ቢያስተረጉም ለሁለቱም ጨዋታ ይሆናል።

ዳታውን በተመለከተ፣ ኔትፍሊክስ በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 0.3፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋባይት እንደሚወስድ ራሱ ይገልጻል። ይህ የ113 ደቂቃ ፊልም እንግዲህ በአንደኛው ከ0.6 ጊጋባይት አይበልጥም፣ በሌላው ግን ወደ 5.7 ይጠጋል። ጥራቱን ሳይቀንሱ ቢከፍቱት ጥቅልዎ ከፊልሙ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። በስልክ ለሚያይ ሰው ዝቅተኛው ይበቃል።

ጥያቄ፦ ‹ድፍረት› የተባለውን ፊልም ከአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጄ ጋር ማየት ፈልጌ ነበር፤ እናቷ ግን ገና ልጅ ናት ትለኛለች። (ከአዳማ)

መልስ፦ የሁለታችሁም ስጋት በርዕሱ ውስጥ አለ። ድፍረት ጀግንነት ነው፤ ‹ተደፈረች› ስንል ግን ምን ማለታችን እንደሆነ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ሁለቱንም ፍቺዎች ይዞ ይሄዳል፦ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተጠለፈች ታዳጊ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ ትከሰሳለች። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ሲሆን፣ ልጅቷ ራሷን ስትከላከል መግደሏ ታምኖበት በነጻ ተሰናብታለች። ሜሮን ጌትነት የምትጫወታት ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ያወቅናቸው። በቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ክፍት ነበር፤ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

በእኔ አስተያየት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ልታየው ትችላለች፣ ግን ብቻዋን አይሁን። የጠለፋው ክፍል ከባድ ስለሆነ እርስዎና ባለቤትዎ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ቀድማችሁ እዩት፤ ከዚያ የባለቤትዎ ውሳኔ ቢጸና ተገቢ ይመስለኛል። ከልጅቱ ጋር ስታዩትም የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ላይ ቆም አድርጉት፤ እርቅና ፍትሕ አንድ ናቸው ወይ ብላ የምትጠይቀው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የኃይሌ ገሪማን ‹ጤዛ› ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩት። የትኛው ዘመን ላይ እንዳለሁ ይጠፋብኛል። ችግሩ የእኔ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቡርኪና ፋሶ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ የተሸለመው ይህ ፊልም 140 ደቂቃ የሚረዝም ሲሆን፣ ዋናው ሰው አንበርብር ሕመም የጎዳው ትዝታው ቀስ በቀስ እየተመለሰለት ስለሆነ ታሪኩም እንደ ትዝታው ተበጣጥሶ ይመጣል። ስልክ እያዩ፣ ወጥ እያማሰሉ የሚከታተሉት ፊልም አይደለም፤ መብራቱን አጥፍተው ይቀመጡ። አንድ ምልክት ልስጥዎት፦ አንበርብር እግሩን ያጣው ጀርመን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲያነክስ ካዩት እናቱ ቤት፣ ጣና ዳር ባለችው መንደር፣ በደርግ መጨረሻ ዘመን ላይ ነዎት፤ በሁለት እግሩ ሲራመድ ካዩት ደግሞ በትዝታው ውስጥ ነዎት፣ ወይ ጀርመን ወይ አዲስ አበባ።